የወይዘሮ ዙፋን ነሐሴ ስድስት

አቃቂ ባቡር ጣቢያ ጀርባ፣ ከሐዲዱ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ለባቡር ሠራተኞች የተሠሩ የድንጋይ ቤቶች ነበሩ። በመጨረሻው ቤት ወይዘሮ ዙፋን ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ግቢያቸው ውስጥ በሽቦ የታጠረ ትንሽ ቦታ አለ፤ እዚያ በአጭር ምሰሶ ላይ የዝናብ መለኪያ ቆርቆሮ ቆሟል። ጧት ልክ ሦስት ሰዓት ሲሆን ይወጣሉ፣ ቆርቆሮው ውስጥ ያደረውን ውኃ ቁጥር ወዳለበት ብርጭቆ ይገለብጣሉ፣ ብርጭቆውን ከዓይናቸው ትክክል አድርገው ያነባሉ። ያነበቡትን በየወሩ መጨረሻ በፖስታ ወደ አየር ጠባይ መሥሪያ ቤት ይልኩታል። ከዚያ በኩል አንድም ቀን መልስ መጥቶላቸው አያውቅም። የሠፈሩ ሰው «ዝናብ ሰፋሪዋ» ይላቸዋል፤ ፊት ለፊታቸው ግን ከሰላምታ አልፎ ብዙ የሚያናግራቸው አልነበረም።

ሥራውን የጀመሩት ባለቤታቸው አቶ አሻግሬ ናቸው። አቶ አሻግሬ የሐዲድ ጠባቂ ነበሩ። በ1943 ዓ.ም. ክረምት አንድ ፈረንሳዊ አለቃ ቆርቆሮውን ተክሎ፣ እንዴት እንደሚነበብ አሳይቷቸው ሄደ። አቶ አሻግሬ ለመሥሪያ ቤቱ ከሚልኩት ሌላ ለራሳቸው አንድ ወፍራም ደብተር አዘጋጁ። ደብተሩ ጳጉሜን ስድስትን ጨምሮ ለያንዳንዱ የዓመቱ ቀን አንድ አንድ ገጽ ነበረው። ስለዚህ አንዱን ገጽ የገለጠ ሰው ያ ቀን በየዓመቱ እንዴት እንደዋለ ከላይ እስከ ታች ያየዋል። ከቁጥሩ አጠገብ ደግሞ የቀኑን ነገር በአጭሩ ይጽፉ ነበር።

አብዛኛው ገጽ ጸጥ ያለ ነው። የነሐሴ ስድስት ገጽ ግን እንዲህ አልነበረም። በ1944 የእርግብ እንቁላል የሚያህል በረዶ ጥሎ ቡቃያውን ጤፍ ከመሬት ጋር አጣበቀው፤ የአንዱን ቄስ ሰባት በጎችም ገደለ። በ1948 ነፋስ የዕቃ መጋዘኑን ጣራ ገንጥሎ ሐዲዱ ላይ ስለጣለው ከድሬዳዋ የሚመጣው ባቡር ግማሽ ቀን ቆመ። በ1953 ባሕር ዛፍ ሥር የተጠለሉ ሦስት በሬዎችን መብረቅ መታቸው። በመካከሉ ምንም ያልሆነባቸው ብዙ ዓመታት አሉ፤ ዓይን ግን እነሱን አልፎ የሚሄደው ወደ ክፉዎቹ ነው።

በ1962 የዚያ ቀን ዋዜማ ማታ የጀመረው ዝናብ ሌሊቱን ሙሉ ሲያወርደው አደረ። ጎህ ሲቀድ አቶ አሻግሬ የአቃቂን ወንዝ ድልድይ እግር ውኃው ቦርቡሮት እንደሆነ ለማየት ካፖርታቸውን ደርበው ወጡ። ሦስት ሰዓት ሲሆን አልተመለሱም። ወይዘሮ ዙፋን ገጹ ባዶ ቢቀር ሲመጡ ይቆጣሉ ብለው ብርጭቆውን ራሳቸው አነበቡት። ዘጠና አንድ ነጥብ አራት ሚሊሜትር ነበር። ቁጥሩን ጻፉና ከጎኑ ምን እንደሚጽፉ ስላላወቁ «አሻግሬ ድልድዩን ሊያይ ወጣ» ብለው ጻፉ። የአቶ አሻግሬ አስከሬን የተገኘው በሦስተኛው ቀን፣ ወንዙ ወደ አባ ሳሙኤል በሚወርድበት በኩል፣ ከቁጥቋጦ ተይዞ ነው።

ልጅ አልወለዱም። ቆርቆሮውን እስካነበቡ ድረስ ቤቱ እንዲቆይላቸው ተፈቀደ። እሳቸውም አነበቡ። ንጉሡ ወረዱ፣ ደርግ መጣ፣ ሠፈሩ ቀበሌ ተባለ፣ ሐዲዱ ዳር ቀይ ባንዲራ ተሰቀለ፤ ወይዘሮ ዙፋን በሦስት ሰዓት መውጣታቸውን አላቋረጡም።

በእነዚያ ዓመታት ደጃቸውን የምትረግጠው ሞሚና ብቻ ነበረች። ሞሚና የወሎ ልጅ ናት። ባሏ ሙሀመድአወል ወደ አሰብ የሚመላለስ የጭነት መኪና ይነዳል፤ እሷ ገበያ ላይ ጨውና በርበሬ ትሸጣለች። በርበሬ ስታሰጣ «እትዬ ዙፋን፣ ዛሬ ይዘንባል?» ብላ መጠየቅ ልማዷ ነበር። እሳቸውም የሚመጣውን እንደማያውቁ፣ የሚያውቁት የሄደውን ብቻ እንደሆነ ሁልጊዜ ይነግሯታል። ያም ሆኖ ትጠይቃለች፤ መጠየቋን ይወዱላት ነበር።

በ1976 ሐምሌ መጨረሻ ሞሚና እንደ ልማዷ መጣች። በመሠረተ ትምህርት ማንበብ ከተማረች ገና ሁለት ዓመቷ ነው፤ ያገኘችውን ጽሑፍ ሁሉ ማንበብ ትወዳለች። ወይዘሮ ዙፋን ደብተሩን ሰጧት። እያገላበጠች የነሐሴ ስድስት ገጽ ላይ ደረሰችና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ፊደል በፊደል አነበበችው። አቶ አሻግሬ የወጡበት መስመር ላይ ስትደርስ ድምፅዋን ቀነሰች። ደብተሩን ዘግታ መለሰችላቸው።

ሞሚና ግን ያነበበችውን ለገበያ ጓደኞቿ አወራች። በክፋት አልነበረም፤ የሰማ ሁሉ ግን የራሱን ጨመረበት። ሳምንት ሳይሞላ «ነሐሴ ስድስት ወንዙ ሰው ይፈልጋል» የሚል ወሬ ከገበያው እስከ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በር ደረሰ። ነገሩን ያከፋው ደግሞ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ዝግጅት ነው። ቀበሌው የወንዙን ዳር በድንጋይ ለመካብ የልማት ዘመቻ ጠርቶ ነበር፤ የተጠራውም እሑድ፣ ነሐሴ ስድስት ቀን ነው።

ሁለት አብዮት ጠባቂዎች መጥተው ወይዘሮ ዙፋንን ከነደብተራቸው ወደ ቀበሌ ወሰዷቸው። ሊቀመንበሩ በዛብህ ይባላል፤ ቀድሞ የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኛ የነበረ፣ ሠላሳ አምስት ዓመት የሚሆነው ሰው ነው። ወንበር ሰጣቸው። ደብተሩን ረጅም ጊዜ አገላበጠና አሉባልታ መንዛት ምን እንደሚያስከትል ያውቁ እንደሆነ በለሆሳስ ጠየቃቸው።

«እኔ ይመጣል አላልኩም» አሉ ወይዘሮ ዙፋን። «መጥቶ ነበር ነው ያልኩት።»

«ሰው ይህን ልዩነት አይሰማም፣ እትዬ።»

ደብተሩን መሳቢያው ውስጥ ከተተው። እሑድ ዕለት እሳቸውም ዘመቻው ላይ እንዲገኙ፣ ሰው ሁሉ እንዲያያቸው አዘዘ። ወይዘሮ ዙፋን መሳቢያው ሲዘጋ አዩ። ወደ ቤት ሲመለሱ እጃቸውን የት እንደሚያኖሩት ጠፍቷቸው ነጠላቸውን ጨብጠው ሄዱ።

ነሐሴ ስድስት ጧት ሰማዩ ጠርቶ ነጋ። ጊዜው ፍልሰታ ስለሆነ ምንም አልቀመሱም፤ በሦስት ሰዓት ቆርቆሮውን ገለበጡ። ጠብ ያለ ውኃ አልነበረም። ከሐምሌ ሃያ ስምንት ጀምሮ አንድ ጠብታ አላዩም፤ ዘጠኝ ቀን፣ በክረምት እምብርት። ደብተሩ እጃቸው ላይ ባይኖርም ገጾቹን በቃላቸው ያውቋቸዋል፤ እንዲህ ያለ ዘጠኝ ቀን በሠላሳ አራቱ ክረምት ውስጥ አልነበረም። ቁጥሩን በመሥሪያ ቤቱ ቅጽ ላይ ጻፉና ወደ ወንዙ ወረዱ።

ከተጠራው ሰው ሲሦው ቀርቶ ነበር። የመጡት ድንጋይ እያቀባበሉ ያሾፋሉ። ወንዙ ከቁርጭምጭሚት አያልፍም፤ ልጆች ወዲያና ወዲህ እየተሻገሩ ይጫወታሉ። አንዱ የፋብሪካ ሠራተኛ «ዝናብ ሰፋሪዋ፣ ጎርፉ የት ደረሰ?» አላቸውና ሰው ሳቀ። ወይዘሮ ዙፋን ድንጋያቸውን ተሸክመው አለፉ። ውኃው ውስጥ ብቅ ብቅ ያሉትን ደረቅ ድንጋዮች አዩ። በዛብህ አጠገብ ሲደርሱ ቆሙ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ የሚያስፈራው ዘንድሮ ነው» አሉት። «ሰማዩ እዚህ እንዲህ ከሆነ ሰሜን ምን ሊሆን ነው?»

በዛብህ ዙሪያውን አየ። ሞሚና ድንጋይ ይዛ ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ቆማ ነበር።

«ይህን ለማንም አይንገሩ» አለ በዛብህ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ለርስዎ ብዬ ነው።»

በዘመቻው ያልተገኙ ሰዎች የኅብረት ሱቅ ካርዳቸው ተያዘባቸው፤ ለሁለት ወር ስኳር አላገኙም። ጥፋቱ ሁሉ ወይዘሮ ዙፋን ላይ ወደቀ። ውኃ ቦኖ ላይ ሲደርሱ ወሬ ይቆማል፤ ተራቸውን ማንም አይነካባቸውም፣ ማንም ግን አያናግራቸውም። ሞሚናም መምጣት ተወች። ወሬውን የጀመረች እሷ ናት ተብሎ ባሏም ተጠርቶ ነበር፤ ሙሀመድአወል ወደዚያ ግቢ እንዳትደርስ ነገራት። መስከረም ላይ ከተማው በመብራትና በሰልፍ ሲያጌጥ ወይዘሮ ዙፋን ከባቡሩ ጩኸት በቀር የሰው ድምፅ ሳይሰሙ የሚውሉባቸው ቀኖች ነበሩ። አንዳንዴ ብርጭቆውን ሲያነቡ ቁጥሩን ጮክ ብለው ይናገሩታል፤ የራሳቸውን ድምፅ ለመስማት ነው።

ኅዳር ላይ ሮሪሳ የሚባል ወጣት ከአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት መጣ። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ከዚያ የመጣ የመጀመሪያው ሰው ነው። ወይዘሮ ዙፋን ወንበሩን በነጠላቸው ጠርገው አስቀመጡት። ሮሪሳ ከቦርሳው የክረምቱን ቅጾች አወጣና እያፈረ ጠየቃቸው። አለቆቹ ቁጥሩን ተጠራጥረዋል፤ ዜሮ ተብሎ የተጻፈው በእርግጥ ሳይዘንብ ቀርቶ ነው ወይስ ሳይነበብ?

ወይዘሮ ዙፋን ቅጹን ተቀብለው አዩት። የራሳቸው ጽሕፈት ነው።

«አንድም ቀን ሳላነብ አልጻፍኩም» አሉ። «ባሌ በሞተበት ቀን እንኳ አንብቤያለሁ።»

ሮሪሳ ይቅርታ ጠየቀ። ቀስ እያለ የልቡን ነገራቸው፤ በዚያ አካባቢ አንድ ቀን ሳይጎድል የተያዘ መዝገብ የእሳቸው ብቻ እንደሆነ፣ አሁን በሰሜን ሰው በረሃብ እያለቀ ሳለ ዝናቡ መቼ እንደቆመ የሚጠይቅ እንደበዛ። የላኳቸው ቅጾች ሁሉ በሣጥን ተቀምጠዋል አላቸው። ስለ ደብተሩ ሲሰማ ወደ ቀበሌ ሄዶ ጠየቀላቸው። በዛብህ ወደ ከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ተልኳል አለው፤ ከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ደግሞ አልደረሰንም አለ። ደብተሩ በዚሁ ጠፋ።

ከወር በኋላ ሮሪሳ በታይፕ የተመታ አንድ ወረቀት በፖስታ ላከላቸው። የሠላሳ አራቱ ነሐሴ ስድስቶች ቁጥር ነው። ወይዘሮ ዙፋን በጣታቸው እየተከተሉ ወረዱ። ዘጠና አንድ ነጥብ አራት ቦታው ላይ አለ። በጎቹ የሉም፣ ጣራው የለም፣ አቶ አሻግሬ አልወጡም። ባለቤታቸው ሚሊሜትር ለማለት ከቁጥሩ ጎን የሚጽፏት ጠመም ያለች «ሚ» የትም የለችም። ወረቀቱን አጥፈው መጽሐፍ ቅዱሳቸው ውስጥ አስገቡትና ለብዙ ቀን አላወጡትም።

ጥር መጨረሻ ላይ፣ በቀትር፣ ሞሚና በሩን ቆረቆረች። ጥቁር ለብሳለች። እናቷ ፋጡ ወሎ ውስጥ ከመንደር ወጥታ እርዳታ ወደሚታደልበት ስትጓዝ መንገድ ላይ እንደሞተች አብራት የነበረች ጎረቤት መጥታ ነግራታለች። ሞሚና መሬቱ ላይ ተቀመጠች። ወይዘሮ ዙፋንም ወንበራቸውን ትተው አጠገቧ ተቀመጡ።

«ወንዙ ዳር ለሊቀመንበሩ የነገሩትን ሰምቼ ነበር» አለች ሞሚና። «ያኔ ሙሀመድአወልን ብልከው በመኪናው ያመጣት ነበር። ሰምቼ ዝም አልኩ።»

ወይዘሮ ዙፋን አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ሲጠይቁ የኖሩት እንዲህ ያለውን ነገር ነው፤ ያን ጧት አትውጣ ቢሏቸው፣ ቢለምኗቸው፣ ካፖርቱን ቢደብቁት ኖሮ። መልስ እንደሌለው ያውቃሉ። ስለዚህ እጇን ያዙ። ሞሚና መጀመሪያ ዝም ብላ፣ በኋላ እየተንሰቀሰቀች አለቀሰች። በመካከል የጭነት ባቡር አለፈ፤ ድምፁ እስኪርቅ ሁለቱም ጠበቁ።

ሞሚና ከመነሣቷ በፊት የእናቷን ስም እንዲጽፉላት ጠየቀች። ወይዘሮ ዙፋን የታይፑን ወረቀት አወጡና የሞተችበት ቀን የትኛው እንደሆነ ጠየቋት።

«ቀኑን የሚያውቅ የለም፣ እትዬ። እዚያ የአምናው ዜሮ አጠገብ ይጻፉልኝ።»

ጻፉላት። ሞሚና አነበበችው፣ አንዴ በዓይኗ፣ አንዴ በድምፅዋ። ከዚያ በኋላ ሙሀመድአወል ቢቆጣም ባይቆጣም ሐሙስ ሐሙስ መምጣት ጀመረች። ይህም ብዙ አልቆየም፤ በ1978 ባሏ መኖሪያውን ወደ አሰብ ሲያዛውር አብራው ሄደች። በራሷ እጅ የጻፈቻቸው ሁለት ደብዳቤዎች መጡ፤ በሁለተኛው ባሕሩ ዳር ዝናብ የሚባል ነገር እንደሌለ ጻፈች። ወይዘሮ ዙፋን መልስ ላኩላት፤ ሦስተኛ ደብዳቤ አልመጣም።

እሳቸው ሐዲዱ ዳር ቆዩ። ዓይናቸው ሲደክም ሮሪሳ ቁጥሩ በቀይ ጎልቶ የተጻፈበት ሌላ ብርጭቆ አመጣላቸው፤ ሲመጣ ግማሽ ሰዓት ያህል ይቀመጣል፣ ስለ ደመና ያወራሉ፣ ይሄዳል። በዛብህ ወደ ሌላ ቀበሌ ተዛወረ። አዲሱ ሊቀመንበር ስለ ደብተሩ የሚያውቀው ነገር አልነበረም፤ ሠፈሩም ረሳው። ሴቶቹ ቦኖ ላይ እንደገና ሰላም ይሏቸው ጀመር፣ ለምን ትተው እንደነበር ማንም ሳያነሣው። ወይዘሮ ዙፋን ሰላምታውን ተቀብለው እንስራቸውን ይሞላሉ፣ ከሦስት ሰዓት በፊት ቆርቆሮው ጋ ለመድረስም ቀስ እያሉ ወደ ቤት ያቀናሉ።