ታደለች የደወለችበት ቀን

ሞባይሌ እንጨት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ ስትንቀጠቀጥ፣ ጥሪዋ ከመሰማቱ በፊት ጠረጴዛውን ይዛ «እምምም» ትላለች፤ ያን ጊዜ ከሰባ ዓመት በላይ የኖርኩ፣ ጥርሶቼን በየመንገዱ እያንጠባጠብኩ እዚህ የደረስኩ ሽማግሌ መሆኔ ይቀርና፣ ከዲላ ወጣ ብላ ባለችው በጭጩ መንደር፣ ከመንገዱ ዳር ጆሮዬን በስልክ እንጨት ላይ ለጥፌ የቆምኩ፣ አፍንጫዬን ማንም ያልጠረገልኝ ልጅ እሆናለሁ። ቤተሰቦቼ ስልክ በጠራ ቁጥር የምደነግጠው ጆሮዬ ደክሞ ነው ይላሉ። እኔም እንደዚያ ቢያስቡ እመርጣለሁ፤ ካለብኝ ከሌላው በሽታ ይልቅ መደንቆር የተከበረ ነውና።

ያን ጊዜ ወደ ሞያሌ በሚወርደው መንገድ ዳር የስልክ እንጨቶች ተተክለው፣ ሽቦው ከአንዱ ወደ ሌላው እየተሻገረ በቡናችንና በእንሰታችን አናት ላይ ያልፍ ነበር። ቡና በሚለቀምበት በጥቅምትና በኅዳር፣ ሰማዩ ጠርቶ ነፋስ ሲነሣ፣ እንጨቱ ከውስጡ ያጉረመርም ነበር። ታላቅ እህቴ ታደለች የለቀመችውን ቡና በቅርጫት ይዛ ስትመለስ፣ እኔን ማጅራቴን ይዛ ጆሮዬን እንጨቱ ላይ ትለጥፍና «ስማ፣ ሰዎች እያወሩ ነው» ትለኝ ነበር። «ምን ይላሉ?» ስላት ዓይኗን አፍጥጣ «ማን እንደሞተ እየተነጋገሩ ነው» ትለኛለች፤ እኔ እግሬ ወዳመራኝ ስሮጥ እሷ በሳቅ ቅርጫቷን ትደፋ ነበር። የእሷ ቀልድ ነበር፣ ሆኖም በመንደራችን ከእውነቱ ብዙ አይርቅም።

በዚያ ዘመን ስልክ ያለው ዲላ ከተማ፣ በስልክ ቤት ነበር። ከሩቅ አገር የሚፈልግህ ሰው ካለ፣ የስልክ ቤቱ መልእክተኛ ጋሽ በቀለ ካኪ ኮቱን ለብሶ በእግሩ ይመጣና አንዲት ቁራጭ ወረቀት ይሰጥሃል፤ ወረቀቷም ነገ በዚህ ሰዓት ከዚህ ከተማ በስልክ ትፈለጋለህ ከማለት በቀር ምንም አትልም። ለደግ ወሬ ማንም አይደውልም ነበር፤ ልጅ ቢወለድ፣ ሰብል ቢሰምር፣ መንገደኛ ይዞት ይደርሳል። የሚቸኩለው ሞት ብቻ ነበር። እሱም ቢሆን መርዶ በሽማግሌ አፍ፣ በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ ካልሆነ ስለማይነገር፣ ደዋዩ «ወንድምህን ትንሽ አሞታልና ብቅ በል» ብቻ ይላል። አንድ ጎረቤታችን እንዲህ ተብሎ ከዲላ ሲመለስ፣ እሱ ገና ለታመመው ወንድሙ ማር ይዞ ስለመሄድ ሲያስብ፣ ደጁ ላይ ድንኳን ተተክሎ፣ ሴቶቹ ልቅሶ ጀምረው ጠበቁት። ወረቀቷን ካዩ በኋላ ማንም መጠየቅ አላስፈለገውም። እኔም ያን ዕለት አጥር ላይ ተንጠልጥዬ ሳይ፣ ሰውየውን የገደለችው ወረቀቷ ራሷ መሰለችኝ።

በጥር፣ ቡናው ተሽጦ የሰው ሁሉ ፊት ሲፈታ፣ ታደለች አንድ የጭነት መኪና ሾፌር አግብታ ወደ ሞያሌ ወረደች። አባቴ ሰውየውን አልወደደውም፣ «ቤቱን ጎማ ላይ የሠራ ሰው» እያለ ያማው ነበር፤ እሷ ግን እሱን ካልሆነ ብላ ስላስቸገረች፣ በመጨረሻ እሺ ብሎ ሊመርቃት ተነሣና ምርቃቱ መሃል ላይ ተሰብሮበት «ሂጂ፤ ካለቀስሽም እዚያው አልቅሺ» አላት። ሰዎቹ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። እሱም አልሳቀም፣ እሷም አልሳቀችም። እኔ የመኪናውን ጭስ እየጠጣሁ እስከ መታጠፊያው ድረስ ሮጬ፣ ወድቄ ጉልበቴን ላጥኩ፤ ጠባሳውን ዛሬም ሰው ሲጠይቀኝ የጦር ሜዳ ነው እላለሁ።

በተከታዩ ዓመት በሚያዝያ፣ ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ ሳያባራ በሚውልበት ሰሞን፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጋሽ በቀለን ድልድዩ ላይ አገኘሁት። ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ፣ በቤታችን ፊደል የቆጠርኩ እኔ ብቻ ስለሆንኩም ትዕቢቴ ከቁመቴ ይበልጥ ነበር። ጋሽ በቀለ ኮቱ በውኃ ከብዶ፣ ጫማው ጭቃ ጠጥቶ ደክሞት ስለነበር ወረቀቷን አውጥቶ «እንካ ጎበዝ፣ ለአባትህ ስጥልኝ። ሮጥ በል፣ ነገ ጠዋት አራት ሰዓት ነው» ብሎ ተመለሰ። ከዛፍ ሥር ቆሜ አነበብኳት። የአባቴ ስም አለ፣ ሰዓቱ አለ፣ የጠሪው ስም ግን የለም። «ከሞያሌ» ትላለች።

ከሞያሌ ማን ይደውላል? ሞያሌ ያለችን ታደለች ናት። ታደለች ደግሞ ደኅና ከሆነች ለምን ይደወላል? በሦስተኛ ክፍል አእምሮዬ ሒሳቡን ሠርቼ ጨረስኩ፤ በትምህርት ቤት ሒሳብ አንድም ቀን ያልተሳካልኝ ሰው፣ ያን ቀን ብቻ ስደምር አልተጠራጠርኩም። ወረቀቷ ቤት ከገባች ድንኳን ይተከላል፣ እናቴ መሬት ትወድቃለች፣ ታደለችም ትሞታለች። ካልገባች ግን ማንም አልሞተም። ከጓሯችን ጥግ ያለው ትልቁ እንሰት ሥር ሄድኩና ወረቀቷን አጣጥፌ፣ ቅጠሉ ከግንዱ በሚገናኝበት፣ ውኃ በሚቋጥርበት ስንጥቅ ውስጥ ጣቴ እስከሚደርስ ድረስ ወተፍኳት። በማግሥቱ አራት ሰዓት ላይ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ትንፋሼን ያዝኩ። ምንም አልሆነም። ማታ እናቴ ቆጮ እየጋገረች አባቴ በነገራት ነገር ስትስቅ አይቼ፣ ይህን ሳቅ ያተረፍኩት እኔ ነኝ እያልኩ በደስታ ሁለት ሰው የሚበላውን በላሁ።

ግንቦት ሲገባ አንድ የጭነት መኪና ከቤታችን በላይ ቆመና፣ ሾፌሩ ወርዶ አባቴን አስጠራው። የታደለች ባል ጓደኛ ነበር። ሰላምታ እንኳ በቅጡ ሳይሰጥ «እንዴት ያለህ አባት ነህ? ልጅህ ስልክ ቤት በር ላይ ከጠዋት እስከ ማታ ተቀምጣ ዋለች እኮ!» አለው። ባሏ ድንበር ተሻግሮ ከቀረ ሁለት ወር ሆኖታል፣ እሷ ነፍሰ ጡር ናት፣ የተከራየችበትን ቤት ልቀቂ ተብላለች፤ አባቷ መጥቶ እንዲወስዳት ለመለመን ነበር የደወለችው። ስልኩን የሚያነሣ ሲጠፋ ጊዜ «አባቴ እዚያው አልቅሺ ብሎኛል፣ እያለቀስኩ ነው» ብላ ሄደች አለ ሾፌሩ።

አባቴ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። «ወረቀት መጥቶ ነበር?» ሲለኝ፣ «አልመጣም» አልኩ። አፌ ቀደመኝ እንዳልል፣ አስቤበት ነው ያልኩት። በዚያው ቀን እጄን ይዞ ዲላ ወሰደኝና በስልክ ቤቱ ደጅ በሰው ፊት ጋሽ በቀለ ላይ ጮኸበት፤ ጋሽ በቀለ እግዚአብሔርን ጠርቶ «ለልጅህ በእጁ ሰጥቼዋለሁ! ይኸው ቆሟል፣ ጠይቀው!» አለ። አባቴ አልጠየቀኝም። እጄን ጠበቅ አድርጎ ይዞ «የእኔ ልጅ አይዋሽም» አለ። በሕይወቴ ብዙ ሰው ሰድቦኛል፣ አብዛኛውም ትክክል ነበር፤ እንደዚያ ምስጋና ግን ያቃጠለኝ ስድብ የለም።

ክረምቱ ሲጀምር አባቴ ሞያሌ ወርዶ ተመለሰ። አንዱ በጨው መኪና ወደ ሰሜን ሄዳለች ብሎታል፣ ሌላው ድንበሩን ተሻግራ ባሏን ፍለጋ ሄዳለች ብሎታል፣ ሦስተኛዋ ሴት ደግሞ ምንም ሳትል በሩን ዘግታበታለች። ሐምሌና ነሐሴን፣ ከዚያም በኋላ ብዙ ዓመት፣ በገበያ ቀን ሁሉ ወደ ዲላ ወጥቶ ስልክ ቤቱ አግዳሚ ላይ ይቀመጥ ነበር፤ ጋሽ በቀለም ይቅር ተባብለው አጠገቡ ይቀመጥ ነበር፣ ሁለት ሰዎች፣ የማይጠራ ስልክ እያዩ። ለታደለች ድንኳን አልተተከለም፣ ምክንያቱም መርዶ አልመጣም። እናቴ በየምግቡ ላይ ስሟን አንሥታ ስትጸልይ፣ በሕይወት ላለ ሰው እንደሚጸለየው ይሁን ለሞተ እንደሚታሰበው እሷም የምታውቅ አይመስለኝም ነበር። እኔ ወረቀቷን ልፈልግ ወደ እንሰቱ አንድ ጊዜ ሄጄ ነበር፤ በስብሳ፣ ጥቁር ጭቃ ሆና ጣቴ ላይ ቀረች። አባቴም እናቴም ሳልነግራቸው ሞቱ። ይህን ለሰው ሳወራ የመጀመሪያዬ ነው።

አሁን ባለፈው መስከረም የልጅ ልጄ ሳራ፣ በዲላ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው፣ ቁልፏ የሚጫን ትንሽ ሞባይል አመጣችልኝ። ጀርባዋን ከፍታ ሲም ካርዱን አስገባች፣ ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ እናድርጋት አለችኝ፣ ፊደሉን ትልቅ፣ ጥሪውን ጮክ ያለ አደረገችልኝ፣ የልጆቼን ስም አንድ በአንድ መዘገበች። የሚስጥር ቁጥር ይምረጡ ስትለኝ አስቤ አስቤ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት» ብላት «አባባ፣ ይሄንንማ ፍየልም ትገምተዋለች!» ብላ ሳቀችብኝ። ቀጥላም ጣቷን አንሥታ «የማያውቁት ቁጥር ሲደውል አያንሡ። ቁጥርዎንም ለማንም አይስጡ» አለችኝ። እሺ አልኳት፤ በጉዳዩ ልምድ አለኝ፣ እሺ ማለት አያቅተኝም።

በማግሥቱ ጠዋት መናኸሪያ ነበርኩ። ወደ ሞያሌ ለሚወርድ ሾፌርና ረዳት ሁሉ ብጣሽ ወረቀት እሰጥ ነበር፤ የስልኬን ቁጥር ጽፌ፣ ከሥሩ «ታደለች የምትባል ከዲላ የመጣች አሮጊት ወይም ልጆቿ ካሉ ወንድሟ ይፈልጋቸዋል» ብዬ። በሕይወት ካለች ሰማንያን አልፋለች። ረዳቶቹ «እሺ ፋዘር» እያሉ ኪሳቸው ይከቱታል፣ ከዚያ የት እንደሚደርስ እግዜር ይወቀው።

ኅዳር ላይ አንድ ከሰዓት በኋላ የማላውቀው ቁጥር ደወለ። የጎልማሳ ድምፅ ነው። «አጎቴ፣ አላወቁኝም? የታደለች ልጅ ነኝ» አለኝ። ስልሳ ዓመት ሙሉ ልናገረው ያዘጋጀሁት ነገር ሁሉ ጠፍቶብኝ «እናትህ አለች?» ብቻ አልኩ። «አለች አጎቴ፣ ትንሽ አሟታል» አለኝ። አሟታል ሲለኝ የገባኝን እናንተም ታውቁታላችሁ። ማልቀስ ስጀምር እሱ ቸኩሎ «አሁን በመልእክት ቁጥር ይመጣልዎታል፣ ስልኩ እንዳይቋረጥብን ቶሎ ያንብቡልኝ» አለ። እውነትም መጣ። መነጽሬን ፈልጌ «ሰባት... ሁለት...» ማለት ስጀምር ሳራ ከጓዳ ሮጣ መጥታ ሞባይሏን ከእጄ ነጠቀችኝ።

«የእናትህ አባት ማን ይባላል?» አለችው።

«ሄሎ? ሄሎ? አይሰማም» አለ።

«የአያትህ ስም ነው የጠየቅሁህ! የታደለች አባት ማነው?»

ስልኩ ተዘጋ። ሳራ ልትቆጣኝ ዞር ስትል ፊቴን አይታ ቁጣዋ ጠፋባት፤ «ስሟን ከየት አወቀው?» ብላ ጠየቀችኝ። ያኔ ኪሴ ውስጥ የቀሩትን ብጣሾች አውጥቼ ሰጠኋት። አነበበቻቸው፣ ከዚያም አጠገቤ ተቀመጠች። ያኔ ከሞያሌ የመጣችውን ወረቀት ማን እንደደበቃት ግን ያን ቀንም አልነገርኳትም፤ ይህን ስታነብ ታውቀዋለች። በመጨረሻ «እሺ፣ ያንሡ» አለችኝ፤ «ሁሉንም ያንሡ። በመልእክት የሚመጣ ቁጥር ግን ለእኔም ቢሆን እንዳያነቡ። መጀመሪያ የአባትዎን ስም ይጠይቁ»። አባቴን እዚህ በስሙ ያልጠራሁት እንግዲህ ረስቼው አይደለም፤ ሳራ ከልክላኝ ነው።

ያኔ የስልክ ጥሪ በእግሩ ጭቃ እየረገጠ ይመጣ ነበር፣ በዓመት አንዴ ቢመጣ ነው፣ እኛም እንዳይመጣ እንጸልይ ነበር። ዛሬ በቀን አምስት ጊዜ ደረቴ ኪስ ውስጥ ይጠራል፤ አንዱ ሌባ ነው፣ አንዱ ዕጣ ደረሰዎት ባይ፣ አንዱ ልጄ «ምሳ በሉ?» ሊለኝ የደወለ ነው፣ እኔም ለእያንዳንዱ እኩል እደነግጣለሁ፣ እኩል እቸኩላለሁ። ትናንት አንዲት ሴት ደወለች፤ ድምፅዋ የደከመ ነበር፣ ከኋላዋ የመኪና ጡሩምባ ይሰማል። ስሟን ሳልጠይቅ የእናቷን አባት ስም ጠየቅኳት። ግራ ገብቷት ነገረችኝ። የሌላ ሰው ስም ነበር። «ይቅርታ አባባ፣ ተሳስቼ ነው የደወልኩት» አለች። «ምንም አይደል ልጄ፣ ሌላ ቀንም ተሳሳቺ» አልኳት፣ እስክትዘጋም ጠበቅኳት።