የስንቅ ቅምሻ

አስካለ ኩምሳ ያን ሰሞን በየጠዋቱ አንድ ፖሊስ ፊት ቆማ ትበላ ነበር።

የምትበላው ራሷ የሠራችውን ነው። ምሳ ዕቃውን ትከፍታለች፤ ፖሊሱ በብስክሌት ጎማ ሽቦ ምግቡን እስከ ታች ድረስ ይወጋዋል፤ ከዚያ «ማዘር፣ ይቅመሱ» ይላታል። ሽቦው ያላለፈበትን ጥግ ፈልጋ በሁለት ጣቷ ትቆርሳለች። ያው ሽቦ ከእሷ በፊት የአንዷን ሽሮ፣ ከዚያች በፊት የሌላውን ሩዝ ወግቷል። ከአንዱ ምሳ ዕቃ ወደ ሌላው ሲያልፍ የሚጠረገው በፖሊሱ ሱሪ ነው። ሱሪው ጭኑ ላይ በደረቀ ወጥ ብዛት ቆዳ መስሏል። አስካለ ታኝካለች፣ ትውጣለች። ፖሊሱ ጉሮሮዋን ያያል። አፏን ከፍታ እንድታሳይ ያዘዛትም ቀን ነበር።

ስንቅ የሚያቀብል ሰው ቀምሶ ማቀበሉ እዚያ የተጀመረ ነገር አይደለም። እስረኛ እንዳይመረዝ የሚደረግ ጥንቃቄ ነው ይባላል። ሽቦውን የሚይዘው ሳጅን ገላና ይህን ማስረዳት ይወዳል።

«ለልጅቷ ደኅንነት ብለን ነው፣ ማዘር። ሰው ክፉ ነው። አንድ ነገር ብትሆን ተጠያቂዎቹ እኛ ነን።»

ድምፁ ለስላሳ ነው። ይህን የሚናገረው በክብሪት እንጨት ጥርሱን እየጎረጎረ ነው።

አስካለ እንዲህ ያለ ነገር መልመድ የማይሆንላት ሴት ናት። ኡኬ ተወልዳ፣ ነቀምቴ ላይ እስከ ጡረታዋ ድረስ ሳይንስ አስተምራለች። ተማሪዎቿ «ቲቸር ሳሙና» ይሏት ነበር፤ የልጁን ጥፍር ሳታይ ደብተሩን አታርምም። ባሏ በሕይወት ሳለ ሰው በጠጣበት ብርጭቆ አትጠጣም እያለ ለእንግዳ ሁሉ ሲያማት፣ «አንተን ማግባቴን ግን ረስተኸዋል» ትለው ነበር። እሱ ሲሞት፣ ልጆቿም አግብተው ሲወጡ፣ ከግቢው ጀርባ ያለውን ክፍል አከራየች። የተከራየችው በዛብሽ ናት።

በዛብሽ ከኪራሙ የመጣች መምህርት ናት። ቤተሰቦቿ ከወሎ ሄደው እዚያ የሰፈሩ ገበሬዎች ነበሩ። የምታስተምርበት ትምህርት ቤት ሲቃጠል ከሸሸው ሕዝብ ጋር ነቀምቴ ገባች። ሌላው ሰው ያየውን ለመርሳት ሲታገል እሷ መጠየቅ ጀመረች። ተፈናቃዮች ወደተጠለሉበት እየሄደች ማን እንደሞተ፣ ማን እንደገደለው፣ ቤቱን ማን እንዳነደደው ትጠይቃለች። አማራውን በአማርኛ፣ ኦሮሞውን በኦሮምኛ። የሰማችውንም አዲስ አበባ ላለ አንድ የመብት ድርጅት ትልካለች። ይህ ሁሉንም አስቀየመ። የገዛ ዘመዶቿ «የእኛን ሬሳ ትታ የእነሱን ታለቅሳለች» አሉ። የሰፈሩ ሰው ደግሞ ሰላይ አላት።

አንድ ጠዋት አስካለ የግቢዋን በር ልትከፍት ስትል መዝጊያው በሰው ዓይነ ምድር ተለቅልቆ አገኘችው። ያየችው እጇ ከነካው በኋላ ነው። በበረኪና ስታጥብ ጎረቤቶቿ ወደ ሥራ እያለፉ «አካም ቡልተኒ፣ አደ አስካለ?» አሏት፤ እንዴት አደሩ፣ እማማ አስካለ ማለታቸው ነው። በአክብሮት፣ እንደ ሁልጊዜው። አፍንጫውን የያዘ አልነበረም። ምን ሆነው ነው ብሎ የጠየቀም አልነበረም። የገማው በር ሳይሆን ይኼ ሰላምታ ነው ለብዙ ቀን ከአፍንጫዋ ያልጠፋው።

በዛብሽ ባልዲውን ልትቀማት መጣች።

«ይተዉት፣ እትዬ። ለእኔ የመጣ ነው፣ እኔ ልጠበው።»

«በሩ የእኔ ነው።»

«ሌላ ቤት ልፈልግ ይሆን? እርስዎንም አስጠላሁዎት እኮ።»

«ወሬውን ተዪና ውኃ ጨምሪልኝ» አለች አስካለ።

ሌላ ቤት ሳይፈለግ፣ በጥቅምት አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ሰዎች መጥተው «ለጥቂት ጥያቄ» ብለው ወሰዷት። ያስገቧት የድሮ የቡና መጋዘን የነበረና አሁን ጣቢያ የሆነ ግቢ ውስጥ ነው። ምርመራ ላይ ናት ተብሎ ማንም እንዳያያት ተከለከለ። ድርጅቱ ያቆመላት ጠበቃ፣ ቢራቱ የሚባል ቀጭን ሰው፣ ለአስካለ አንድ ነገር ብቻ አደራ አላት።

«ስንቁ እንዳይቋረጥ፣ አደ አስካለ። ስንቁን እስከተቀበሉዎት ድረስ እዚያ አለች ማለት ነው። የምፈራው ሌላውን ነው። ሳይነገር በመኪና ተጭኖ ሌላ ቦታ የሚወሰድ ሰው አለ። የት እንዳለ ካልታወቀ ማን ይከሰሳል? ሁሉም እኔ ጋ የለም ይላል። እንደዚያ የጠፉ አሉ።»

ስለዚህ አስካለ በየጠዋቱ ሽቦውን አየች፣ በየጠዋቱም ዋጠች።

መጀመሪያ ሰሞን ምሳ ዕቃው ግማሹ ሳይነካ ይመለስ ነበር። ኅዳር እንደገባ ግን ባዶውን ይመጣ ጀመር። ባዶ ብቻም አይደል፣ ጠርዙ ሳይቀር ተጠርጎ። አስካለ ደስ አላት። «ጎሽ፣ ኢንተላ ኮ» አለች ለብቻዋ፤ ጎሽ ልጄ ማለቷ ነው። ወቅቱ አንጮቴ የሚባለው የወለጋ ሥራ ሥር ከመሬት የሚወጣበት ነውና ከነልጣጩ ትቀቅላለች፣ ትልጣለች፣ ትወቅጣለች፣ በለጋ ቅቤ ታሻለች። መጠኑንም ጨመረች። ረቡዕና ዓርብ ብቻ በዘይት ትሠራለች፤ በዛብሽ ጾመኛ ናት።

«ወፍራለች እኮ፣ ማዘር» አላት ሳጅን ገላና። «በእርስዎ እጅ ማን የማይወፍር አለ!»

አስካለ አመሰገነችው። ይህን በኋላ ስታስበው ከሁሉ የሚያንገፈግፋት ማመስገኗ ነው።

ቅቤ የምትገዛው ገበያ ውስጥ ኢማን ከምትባል ሴት ነው። ኢማን ከሩቅ ስታያት እጇን አወናጨፈች።

«ነይ፣ ነይ ማሎ፣ ባክሽ ነይ! ዛሬ ያለሽኝ ደንበኛ አንቺ ብቻ ነሽ።»

«ምነው፣ ገበያ ቀዘቀዘ?»

«ኦርቶዶክሶቹ ጾም ይዘውብኝ! ካለፈው ሳምንት ጀምሮ አንድም ዞር ብሎ ያየኝ የለም። እስከ ገና ድረስ እንዲህ ነው። እናንተ ጴንጤዎቹ ባትኖሩ ይሄን ሁሉ ቅቤ አናቴን ተቀብቼ ነበር የምጨርሰው።»

አስካለ በኮባ የተጠቀለለውን ቅቤ እንደያዘች ቆመች።

«የምን ጾም?»

«ለክርስቲያኗ እኔ ላስተምር?» ኢማን ሳቀች። «የነቢያት ይሉታል። ምነው፣ ፊትሽ ምን ሆነ?»

በአስካለ ቤት ጾም አይቆጠርም። ሌላ ጊዜ ረጅሙ ጾም ሲገባ የምታሳውቃት በዛብሽ ራሷ ነበረች፤ «እትዬ፣ ከነገ ጀምሮ ከቅቤዎት ተለያይተናል» ትላለች። ዘንድሮ የሚነግራት አልነበረምና አስካለ ሳምንቱን ሙሉ አንጮቴውን በቅቤ ስታሽ ሰንብታለች። ሳምንቱን ሙሉ ደግሞ ምሳ ዕቃው ተጠርጎ ተመልሷል።

አምና በዚሁ ጾም በዛብሽ ታይፎይድ ይዟት ነበር። ሐኪሙ ወተት ጠጪ ብሏት፣ አስካለ አፍልታ አልጋዋ ድረስ ብትወስድላት፣ «ለድመቷ ይስጧት፣ እትዬ። እኔ በቁሜ ጾም አልሽርም» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ ነበር። አልጠጣችም።

እንግዲህ አንጮቴውን የበላው ሌላ ሰው ነው። በዛብሽ ብትኖር ሳትነካው ይመለስ ነበር፤ ቢያንስ አንድ ቃል ትልክ ነበር። የለችም። ምናልባትም ምሳ ዕቃው መጽዳት ከጀመረበት ቀን አንሥቶ የለችም። ሽቦው፣ ቅምሻው፣ ጉሮሮ መታየቱ የማንን ሆድ ሲጠብቅ እንደከረመ አስካለ ገባት። መርዝ እንዳይበላ የተጠበቀው በላተኛው ነው። ቅቤውን ለኢማን መልሳ ከገበያው ጥግ ካለው ቧንቧ አፏን ደጋግማ ተጉመጠመጠች። ጣዕሙ አልለቀቃትም።

ከገበያው በቀጥታ ቢራቱ ቢሮ ሄዳ ሁሉንም ነገረችው።

«እኔ አምናለሁ፣ አደ አስካለ። ዳኛው ፊት ግን ምን ብዬ ልቁም? ደንበኛዬ ቅቤ ስለበላች ጠፍታለች ልበል?»

«ያሥቃል?»

«አላሣቀኝም። እነሱ ራሳቸው በሰው ፊት፣ እዚሁ አለች፣ ይህንንም በላች ይበሉ። ሰምቻለሁ ብሎ የሚመሰክር አንድ ሰው ካመጡልኝ ዛሬ ነገ ሳልል አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ አስገባለሁ። ያኔ ፍርድ ቤቱ ሴትዮዋን አምጡ ይላቸዋል።»

በማግስቱ አስካለ አንጮቴውን ቤት በተረፋት ቅቤ አጥለቀለቀችው። በላዩም እንቁላል ቀቅላ አደረገችበት። ሰልፉ ረጅም ነበር። ከኋላዋ ነጠላ ያጣፋች፣ ልጇ የታሰረባት ሴትዮ ቆማለች፤ ሸዋረገድ ትባላለች። የያዘችው ሽሮ በዘይት ነው። ከእሷ ኋላ አንድ ሽማግሌ በፌስታል የዶሮ ወጥ ይዘዋል።

ሳጅን ገላና ክዳኑ ሲከፈት ዓይኑን ጨፈነ።

«ኧረ ማዘር፣ ሽታው ብቻውን ያጠግባል!»

«ትናንት የላክሁትን በላች?» አለች አስካለ። የክፍል ውስጥ ድምፅዋ ነበር፤ ኋላ ወንበር ላይ ላለ ልጅ የሚሰማው።

«ጥርግ አድርጋ!»

«ቅቤ በዝቶባት ይሆናል ብዬ ሰጋሁ።»

«ምን በዝቶባት! እንዲያውም ጨምሪልኝ በሏት ብላለች። እኔው ፊት ናት የበላችው። ጣቷን ነው የላሰችው።»

«በዛብሽ?»

«እንዴ፣ ታዲያ ማን? የኪራሙዋ መምህርት።»

አስካለ ልትመልስ ስትል ከኋላዋ ሸዋረገድ ቀደመቻት።

«የትኛዋ በዛብሽ? ከእኔ ጋር የምታስቀድሰዋ? በነቢያት ጾም ቅቤና እንቁላል?» ነጠላዋን ከትከሻዋ ላይ ሰበሰበች። «አንተ ሰውዬ፣ እሷ ሞት ቢመጣ አትነካውም! ማንን ነው ያበላኸው?»

ሽማግሌው ፌስታላቸውን ዝቅ ብለው አዩ። «ታዲያ የእኔን ልጅ ዶሮስ ማን በላው?» አሉ። አንድ ሰው ሣቀና ወዲያው ተወው። ሳጅኑ የክብሪት እንጨቱን ከአፉ አወጣ። ከንፈሩ በቅቤ ወዝቶ ይሁን በምራቅ አስካለ መለየት አልፈለገችም።

«ሰልፍ አይረብሹ፣ ማዘር። ይቅመሱና ይስጡኝ።»

«ዛሬ አልቀምስም።»

«ያልተቀመሰ አይገባም።»

«የሚበላው ይቅመስ» አለችና ክዳኑን ገጠመች።

«እርስዎም ውስጥ ገብተው ማየት ያምርዎታል መሰለኝ» አላት። ድምፁ አሁንም ለስላሳ ነበር። አስካለ ምሳ ዕቃዋን ይዛ ሄደች።

ከዚያ ሁሉ ሰልፍ ቢራቱ ቢሮ ድረስ የመጣችው ሸዋረገድ ብቻ ናት። ሽማግሌው፣ «ልጄ ውስጥ ነው፣ እኔ ምንም አልሰማሁም» ብለው ዶሮውን አቀበሉ። ቀምሰው። ሌሎቹም በየተራቸው ሽቦውን አሳለፉ። አስካለ ይህን ስትሰማ በተለቀለቀው በር ላይ እያለፉ «አካም ቡልተኒ» ያሏት ጎረቤቶቿ ትዝ አሏት፤ ሽማግሌውን ግን ልትጠላቸው ሞክራ አልቻለችም።

ቢራቱ አቤቱታውን ከሸዋረገድ ቃል ጋር አስገባ። ፍርድ ቤቱ ጣቢያው በዛብሽን በአካል እንዲያቀርብ ሲያዝ መልሱ በዚያው ቀን መጣ፤ እስረኛዋ ከኅዳር መጀመሪያ አንሥቶ ወደ ዲጋ ወረዳ ጣቢያ ተዛውራለች፣ ለጠበቃዋ ያልተነገረው «በመረጃ ክፍተት ምክንያት» ነው። ስለ ስንቁ የተጻፈ ነገር የለም። አዛዡ ግን ለቢራቱ በቃል፣ ምግብ እንዳይበላሽ ተብሎ ለሌሎች እስረኞች ተከፋፍሏል አለው። ሳጅን ገላና በስተኋላ ቆሞ ራሱን በአዎንታ ይነቀንቅ ነበር።

«ቢያንስ አሁን አለች ብለው ፈርመዋል» አለ ቢራቱ። «ማክሰኞ ያቀርቧታል። እስከዚያ ዓይን እንዳይነቀልባት።»

አስካለ የድሮውን ምሳ ዕቃ ጣለችው። አጥባ ለሰው መስጠት ትችል ነበር፤ ጣለችው። አዲስ ገዛች።

በማግስቱ አንጮቴውን በኑግ ዘይት ሠርታ የዲጋ ሚኒባስ ላይ ተሳፈረች። እዚያም በሩ ላይ ፖሊስ አለ፤ እዚያም ስንቅ የሚገባው ተቀምሶ ነው።