ከበሩ ጀርባ ያለው እንጨት

ዛሬ ከሚሴ ገበያ አንዲት ቲማቲም ሻጭ ሁለት እንጨት አጠላልፋ፣ ከአናታቸው ዝቅ አድርጋ በጠፍር አስራ፣ የጥላዋን ዘንግ አስደግፋበት አየሁና እግሬ ቆመ።

ወንድሜ ከመዝመቱ በፊት ልክ እንዲህ ያለ የጠብመንጃ መደገፊያ ከወይራ ሠርቶ ነበር። አባቴ ግን ናቀበት። «ጠብመንጃ የሚይዘው ክንድ ነው፤ እንጨት ለድንኳን ነው» ይል ነበር።

በእኛ ሰፈር የአረፋ ዕለት ከሶላት በኋላ፣ ወንዶቹ ከማዶው ተረተር ነጭ ድንጋይ አቁመው ኢላማ ይተኩሳሉ። የወንድሜ ወሬ ከጠፋ በኋላ በመጣው አረፋ፣ የአባቴ ተራ ሲደርስ አፈሙዙ ተንቀጠቀጠ። አባቴ ጠብመንጃውን አወረደና ወደ እኔ ዞረ።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ የወንድምሽን እንጨት አምጪልኝ።»

አመጣሁለት። በነጭ ልብሱ ተንበረከከ፤ የእንጨቱን ሁለት እግሮች ከፍቶ አፈሩ ላይ ተከለና ጠብመንጃውን ከጠፍሩ በላይ ባለው ባላ ላይ አሳረፈው። መንቀጥቀጡ ቆመ። «ቢስሚላህ» ብሎ ተኮሰ።

ድንጋዩ ሲበተን ሰዉ «ማሻአላህ!» አለ። እሱ ግን አልተነሳም። የባሩዱ ሽታ እስኪጠፋ ድረስ፣ ወንድሜ የቋጠረውን ጠፍር በአውራ ጣቱ ይዳብስ ነበር።

«መልሰሽ ከበሩ ጀርባ አቁሚው» አለኝ። «ሲመጣ ይፈልገዋል።»

አባቴን ከቀበርነው ቆየን። ቤቱን ቀለም በቀባን ቁጥር እንጨቱን እናነሳውና፣ ቀለሙ ሲደርቅ እዚያው እንመልሰዋለን።