የዋንዛው ክንፍ ድምፅ

ኮምቦልቻ በማስተምርበት ተቋም ለዓመታት የሠራሁት በንፋስ ተርባይን ክንፍ ላይ ነው። ብቻዬን አልነበርኩም። እኔ አየሩ በክንፉ ዙሪያ እንዴት እንደሚፈስ በኮምፒውተር አሰላለሁ፤ ጓደኛዬ ደግሞ ያሰላሁትን ከዋንዛ እንጨት ቀርጾ የንፋስ ዋሻ ውስጥ ይፈትነዋል። የንፋስ ዋሻ የምንለው ጫፉ ላይ ትልቅ ማራገቢያ የተገጠመለት ረጅም ሳጥን ነበር። የእሱ ልኬትና የእኔ ስሌት አይገጥሙም፤ ሻይ ይዘን እንከራከራለን።

«ያንተ አየር ትምህርት ቤት የገባ ነው» ይለኛል። «የኔው ከበረሃ የመጣ ባለጌ ነው።»

ያሰብነው በደካማ ንፋስም የሚዞር፣ ለአንድ ቤት መብራት የሚበቃ ትንሽ ተርባይን ነበር። የመጀመሪያው ደሴ አጠገብ ባለችው ቦሩ ሜዳ፣ በጓደኛዬ እናት ግቢ እንዲተከል ተስማማን። ክንፎቹን በብርጭቆ ወረቀት ሲያለሰልስ አፉን ገጥሞ ያንጎራጉራል። ምን እንደሚያንጎራጉር ጠይቄው አላውቅም።

ጦርነቱ ወደ ደሴ ሲቃረብ እሱ እናቱን ሊያወጣ ወደ ቦሩ ሜዳ ሄደ፤ እኔ ቤተሰቤን ይዤ ወደ አዲስ አበባ ሸሸሁ። መናኸሪያው ላይ ስንለያይ «ክንፎቹን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፌባቸዋለሁ፤ አብሽር» አለኝ። እናቱን ሳያወጣ ቀረ። ደጃፋቸው ላይ የከባድ መሣሪያ ፍንጣሪ አገኘው። ስልክ ተቋርጦ ስለነበር መሞቱን የሰማሁት ከተቀበረ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

ወደ ኮምቦልቻ ስመለስ ላብራቶሪው ባዶ ነበር። ኮምፒውተሮቹ የሉም፤ የማራገቢያው ሞተር ተነቅሎ ሄዷል። ቁም ሣጥኑ ተሰብሮ፣ ክንፎቹ ግን መሬት ላይ ተጥለው አገኘኋቸው። ለዘራፊዎቹ የሚጠቅሙ አልመሰሏቸው ይሆናል። አንዱን አንስቼ እጄን ሳሳርፍበት የእሱን እጅ የነካሁ ያህል ደነገጥኩና መልሼ አስቀመጥኩት።

ተርባይኑን ቦሩ ሜዳ የተከልኩት ከዚያ ብዙ ቆይቼ ነው። አምፖሉ ሲበራ እናቱ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

ሳይቆዩ ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ እስቲ ና። ይሄ ነገር ይጣራል።»

በማግሥቱ ከሰዓት ሄድኩ። መጀመሪያ ዝም ያለ ነበር። ንፋሱ ጠንከር ሲል ከምሰሶው ላይ ወፍራም ድምፅ ወረደ፤ አፉን ገጥሞ የሚያንጎራጉር ሰው ድምፅ። ዜማ ሊጀምር ከፍ ይላል፤ ከዚያ ይተወዋል።

«ጎረቤቱ ልጅሽ ነው ይለኛል» አሉ እናቱ። «የሰፈሩ ሴቶች አጥሩ ሥር ቆመው ያለቅሳሉ። እኔም እንቅልፍ አጣሁ። አንተ የተማርክ ነህ፤ ምንድን ነው?»

ምን እንደሆነ ገብቶኛል። የክንፉ የኋላ ጠርዝ ወፍራም ሲሆን አየሩ እየተጠቀለለ፣ አንዴ ከላይ አንዴ ከታች እየተፈራረቀ ይለቀዋል፤ ያ መፈራረቅ ድምፅ ይሆናል። ጓደኛዬ ጠርዙን አቅጥኖ ሳይጨርስ ነው የሄደው። ይህን በቀላሉ አስረዳኋቸው።

«ታዲያ አይስተካከልም?»

«ይስተካከላል፣ እማማ። ግን የእሱ እጅ ሥራ ነው። መሞረዱ ከበደኝ።»

በእጃቸው ወደ ማዶ አመለከቱ።

«የልጄ ቀብር እዚያ ማዶ ነው። ጁምዓ በመጣ ቁጥር ዱዓ አደርግለታለሁ። አላህ ይርሐመውና ዝም ብሎ ተኝቷል። እናንተ እንጨት ላይ ሰቅላችሁ አታስጩኹብኝ።»

ምሰሶውን አጋድሜ ክንፎቹን ፈታሁ። ግቢው ውስጥ ተቀምጠን እሳቸው አንዱን ጫፍ ያዙልኝ፤ እኔ ጠርዙን ሞረድኩ። የዋንዛው ብናኝ ቀሚሳቸው ላይ ሲያርፍ አላራገፉትም። የከሰዓት በኋላው የአስር ሰላት ሲደርስ ተነሥተው ሰገዱና ተመልሰው ያዙልኝ።

መልሼ ስተክለው ንፋሱ መጣ፤ ክንፎቹ ዞሩ፤ ድምፅ የለም። መለኪያዬን አየሁ። የሚሰጠው ኃይል ከበፊቱ ጨምሯል፤ ከስሌቴም ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀራረበ። ስንት ዓመት የጠበቅኩት ነገር ነበር፤ ደስ አላለኝም።

እናቱ መርቀው ሸኙኝ። ወደ ሚኒባሱ ስወርድ አንዲት ሴት ከኋላዬ ተጣራች። አጥሩ ሥር ከሚቆሙት አንዷ እንደሆነች ነገረችኝ። ልጇ ዘምቶ አልተመለሰም፤ መሞቱንም መኖሩንም የነገራት የለም።

«ለምን ዝም አሰኘኸው?» አለችኝ።

«እናትየው እንቅልፍ አጥተው ነው።»

«እሳቸው የቀበሩት አላቸው» አለች። «እኔ እዚያ ስቆም የኔውን የምሰማ ይመስለኝ ነበር።»

ሚኒባሱ እስኪሞላ አጠገቤ ቆየች። ወደ ደሴ ስንነሣ በመስኮቱ አየኋት፤ ፊቷን ወደ ንፋሱ አዙራ ቆማለች።