በጉቶ ጎን የተተከለ ጽድ

ከሐይቁ በላይ ያለው ተረተር በእናቴ ልጅነት ጽድ ብቻ ነበር። እኔ ስደርስበት የቀረው ጉቶ ነው፤ ጠቁሮ፣ ተሰነጣጥቆ፣ ፍየል የሚቆምበት። የሰባ ሰባቱ ክፉ ቀን አልፎ ምግብ ለሥራ ሲመጣ ተረተሩ ከከብት ተከለለ፣ እርከንም ተሠራበት። እናቴና እኔ ስንዴና ዘይት እየተሰፈረልን ሐይቁ ዳር ባለው ችግኝ ጣቢያ ገባን። እኔ ገና ሃያ ዓመት አልሞላኝም፤ ምላሴ ግን እንደ ባልቴት የሰላ ነበር።

በዚያ ክፉ ቀን ሁለት ታናናሽ ወንድሞቼ መጠለያ ውስጥ አንድ ሳምንት ሳይሞላ ተከታትለው ሞቱ። ሁለቱም የሞቱት እናቴ እቅፍ ውስጥ ነው። እሷ ስለዚህ አንድም ቀን አላወራችም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ የመጣው ሁሉ ከዚህ ስለሚነሳ ነው።

የጣቢያው ባለሙያ ባሕር ዛፍ እንድናበዛ ይፈልግ ነበር። ቶሎ ያድጋል፣ ሪፖርትም ያሳምራል። እናቴ ግን ከጽድ ወዲያ ዛፍ የለም ባይ ነበረች። ፍሬውን ከሩቅ መስጊድ ቅጥር ለቅማ ታመጣለች፣ ፈትጋ ትዘራለች፣ በሣር ዳስ ጥላ ታበጅለታለች። ችግኙ ብቅ ሲል ሥሩ ያለውን አፈር በጣቶቿ ታለሰልሳለች። አብረውን የሚሠሩት ሴቶች እንደሆኑ ለነገር አያርፉም፤ "ኧረ እሹሩሩ በይው! ጡትም አትንፈጊው!" ይሏታል። እሷም አብራ ትስቅ ነበር። ከመጠለያ ከወጣን ወዲህ ስትስቅ ያየኋት እዚያ ብቻ ነው።

ክረምት ገብቶ ተከላ ሲደርስ፣ "በየጉቶው ጎን ቆፍሩ" አለችን። "አባቱ የቆመበትን ልጁ አያጣውም።" ሁላችንም አመንናት፤ ባለሙያውም ቢሆን አንገቱን በእሺታ ነቀነቀ። ጉቶው ምስክር ነው፤ ጽድ እዚህ ኖሯል። መሬቱ ያው መሬት ቢሆንም ከላዩ ያለው አየር ሌላ እንደሆነ ማን ልብ ይበል!

በዚያ ሰሞን ከአምባሰል አናት አካባቢ ገብስ ጭነው ወደ ሐይቅ ገበያ የሚወርዱ አንድ ሽማግሌ ችግኝ ጣቢያውን አይተው ገቡ። ከተከላ የተረፈ ጽድ ነበረን፤ ሃያ የሚሆን ለመኑ።

"ኧረ እናንተ ዘንድ ውርጭ ይፈጅብዎታል" አለቻቸው እናቴ።

"ቢፈጀውስ ምን ገዶኝ፣ እቴ! አህያዬ እንደሆነ ባዶዋን ነው የምትመለሰው" አሉ፤ ጭነው ሄዱ። እኛም ረሳናቸው።

የተረተሩ ጽድ ክረምቱ እስኪወጣ አማረበት። ጥር ላይ ጫፍ ጫፉ ቡና መሰለ። በልጉ ይደርስለታል ስንል በልጉ ቀረ። እናቴ በጀሪካን ውሃ እያዘለች አቀበቱን ብትመላለስም አልሆነም፤ ሁሉም ባሉበት ደረቁ። ባሕር ዛፉ ግን እየፎከረ አደገ። በሚቀጥለው ክረምት ደግመን ተከልን፣ ያም እንደ አምናው ሆነ። የገረመኝ በየደረቀው ችግኝ መሀል ማንም ያልዘራው ግራር መብቀሉ ነው፤ በልጅነቴ ግራር ለማየት ወደ ቆላ መውረድ ነበረብን። እናቴ አረም ነው ብላ ትነቅለዋለች፤ ተመልሶ ይበቅላል።

ሴቶቹ መንሾካሾክ ጀመሩ። "እጇ ነው። እጇ አይቀናም።" አንዷማ፣ "የያዘችው መች ይበረክትና!" ስትል በጆሮዬ ሰማሁ። ምን ለማለት እንደፈለገች ገብቶኛል። እናቴም ከኋላዬ ነበረች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ተረተሩ ላይ ሁለታችን ብቻ ነበርን። እኔ አግብቼ የመጀመሪያ ልጄን አርግዣለሁ፤ ባለቤቴ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዷል፤ ፀሐዩ ያነድዳል፤ በጀርባዬ ጀሪካን አለ። እናቴ አንዱን የደረቀ ጽድ ነቅላ ሥሩን ስታይ ቆየችና ቀና አለች።

"ልጄ፣ እጄ ይሆን እንዴ?"

"ታዲያ የማን ሊሆን ነው!" አልኳት።

ይኸው ነው። ከዚያ በላይ አልተናገርኩም። ደክሞኝ ነበር፣ ሐሜቱ አንገብግቦኝ ነበር፤ ቢሆንም ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። መዳፎቿን ገልብጣ አየቻቸው፣ በቀሚሷ ጠረገቻቸው። "እንዲያ ነው" አለች፤ ወረደች። በማግስቱ ከችግኝ ጣቢያ ወጥታ እርከን ከሚሠሩት ጋር ድንጋይ መሸከም ጀመረች። ለምን ብላት፣ "ድንጋይ አይሞትብኝም" አለችኝ። የቀለደች መስሎኝ ሳቅኩ።

ልጄ ስትወለድ እናቴ ቤቴ ገብታ አራሰችኝ። ገንፎውን አገነፋች፣ ጨርቁን አጠበች፣ ውሃውን ቀዳች። ልጅቷን ግን አትነካም። ያዢልኝ ስላት እጄ ርጥብ ነው፣ እጄ ጭስ ጭስ ይላል፣ ቆይ ድስቱን ላውጣ ትላለች። አንድ ቀን ሐይቅ ወርጄ ስመለስ ልጄ ደጅ በጀርባዋ ተኝታ ፀሐይ ደርሶባታል፤ ታለቅሳለች። እናቴ የተኛችበትን ጨርቅ ጫፍ በሁለት ጣቷ ይዛ ቀስ እያለች ወደ ጥላ ትጎትታታለች። እሷም ታለቅሳለች።

"እማ! አንስተሽ አታቅፊያትም?"

"በኔ እጅ አትሙትብሽ" አለች።

ያኔ ገባኝ። እግሯ ላይ ወደቅሁ። ወላሂ ደክሞኝ ነው፣ ከልቤ አይደለም አልኳት። "አብሽሪ፣ አልተቀየምኩሽም። ሐቁን ነው የተናገርሽው" አለችኝ። ብትቆጣኝ፣ ብትረግመኝ ይሻለኝ ነበር።

ልጄ ሦስት ዓመት ሊሞላት ሲል እኚያን ሽማግሌ ገበያ አገኘኋቸው። ችግኞቹስ ብላቸው፣ "መጥተሽ አታይም?" አሉኝ። ልጄን ለጎረቤት ትቼ ቀን ሙሉ አቀበት ወጣሁ። ከቤታቸው ጀርባ፣ ከእናቴ እጅ የወጡት ጽዶች እስከ ደረቴ ደርሰው ቆመዋል። ከሃያው የሞቱት ሦስት ናቸው። አንዱን ይዤ አለቀስኩ፤ ሽማግሌው ደነገጡ።

"የግሸኗ ምስክሬ ናት፣ እኔም አልጠበቅሁም" አሉ። "በአባቴ ጊዜ እዚህ ከአስታ ቁጥቋጦ በቀር የሚቆም አልነበረም፤ ውርጩ ይፈጀዋል። አሁን ውርጩ ሳሳ። ቆላው ሽቅብ እየወጣ ነው፣ እቴ። ለጽድ የእናንተ ተረተር ሞቀበት፤ እዚህ ገና መመቸቱ ነው። አስታው ደግሞ ከዚህ ሸሽቶ ገደሉ አፋፍ ደርሷል።" ወደ ላይ አዩ። "ጽዱስ ነገ ከዚህ ሲሞቀው ወዴት ይወጣል? ከኛ በላይ እንደሆነ መሬት የለም።"

እኔ ያን ቀን ስለ ነገው ጽድ ለማሰብ ጊዜ አልነበረኝም። የሰማሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እጇ አልነበረም። አንድ ቅርንጫፍ ቆርጬ በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ቁልቁል ሮጥኩ።

እናቴ ቅርንጫፉን አሸተተችው። ሁሉንም ነገርኳት፤ ውርጩን፣ ሙቀቱን፣ የቀረውን በልግ።

"የተከሏቸው እኮ እሳቸው ናቸው" አለች።

"አንቺ ዘርተሽ፣ አንቺ አሳድገሽ!"

"ከኔ እጅ ስለወጡ ነው የዳኑት።"

ልጄን አንስቼ ጭኗ ላይ ላስቀምጣት ስል እጆቿን ብብቷ ውስጥ ከትታ ብድግ አለች፤ ወደ ድንጋይዋ ሄደች። ከዚያ በኋላ ብዙ ሞከርኩ። ሽማግሌውን ራሳቸውን ቤቷ ድረስ አመጣሁላት። አክብራ አስተናገደቻቸው፣ እጃቸውን አመሰገነች። የምታምነውን ነገር የሰጠኋት እኔ ነበርኩ፤ ሌላ ሰው ሊወስድላት አልቻለም።

ልጄ አራት ዓመት ሳይሞላት እናቴ ሳል ይዟት በሁለት ሳምንት ሞተች። አጥበን ከፈንናት። መዳፎቿ በድንጋይ ተሰነጣጥቀው ነበር፤ ለረጅም ጊዜ ይዣቸው ቆየሁ፣ ሴቶቹ በግድ አስለቀቁኝ።

ለቀስተኛው ተበትኖ እኔና ልጄ ብቻችንን ስንቀር መጥታ ጉልበቴ ላይ ተደገፈች።

"እማ፣ አያቴ ትጠላኝ ነበር?"

"ኧረ ልጄ! ከማንም አብልጣ ነው የምትወድሽ።"

"ታዲያ ለምን አታቅፈኝም ነበር?"

ስለ ጽዱ ልነግራት እችል ነበር። ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ተረተሩ፣ ስለ ውርጩም እንዲሁ። ግን አያቷን ማን እንዳስፈራት ልትጠይቀኝ ነው።

"እኔ እንጃ፣ ልጄ" አልኳት።