ማኅደር የለበሰች ፒካፕ

ልጅ እያለሁ መካነ ኢየሱስ ውስጥ የአባየን አሮጌ ፒካፕ የማያውቅ አልነበረም። ጋቢናዋ ሁልጊዜ ናፍጣና አዲስ የተወቃ ገብስ ይሸት ነበር። ዳሽቦርዷን ፀሐይ ሰነጣጥቆት ስፖንጁ ወጥቷል። እውነቱን ለመናገር ጥፋቱ የፀሐይ ብቻ አልነበረም፤ እኔም መንገድ ሲረዝምብኝ ስፖንጁን እየቆነጠርሁ በመስኮት እጥል ነበር።

ታላቅ እህቴ የሺ ለወገዳ ሰው ስትታጭ አባየ አንድ ነገር ብቻ ለመነ፤ ልጁን በገዛ መኪናው፣ ራሱ እየነዳ ሊያደርሳት። ተስማሙ። ኋላ ግን የሙሽራው አጎት ለሠርጉ ጉዳይ መጥተው ጋቢናውን አዩና፣ "ይህማ የገብስ መጫኛ እንጂ የሙሽራ መኪና ነው? እኛው የተሻለ ይዘን እንመጣለን" አሉ። አባየ ያን ማታ እራቱን አልበላም። እኔን ግን ያ ንግግር እስከ ዛሬ ድረስ ያናድደኛል።

አባየ ከባሕር ዳር አዲስ የዳሽቦርድ ሽፋን አስመጣ። ሠርጉ ስድስት ቀን ሲቀረው ደረሰ። ደስ ብሎን ብንገጥመው ለፍጥነት መለኪያው ጌጅ የተሠራው ጉብታ ከመሪው ፊት መዋሉ ቀርቶ ከተሳፋሪው ፊት ጉብ አለ። ለካ ሽፋኑ መሪው በቀኝ ለሆነ መኪና የተሠራ ነው። አባየ ጠቅልሎ ወረወረውና "ይሁን፣ በእነሱ መኪና ትሂድ" አለ። እጁን ሲሰጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

እኔ እምቢ አልሁ። ማንንም ሳላስፈቅድ ወደ ጎረቤታችን ወደ መሪጌታ ጥበቡ ሄድሁ። መሪጌታ የዳዊት መጽሐፍ የሚቀመጥበትን የቆዳ ማኅደር የሚሰፉ ሰው ናቸው። ነገሩን ስነግራቸው ሳቁ።

"ለዳዊት ልብስ የሰፋሁ ሰው የመኪና ልብስ ያቅተኛል? ሂጂ፣ አባትሽን መኪናውን አምጣው በይው።"

አባየ መኪናዋን ሲያመጣላቸው ስንጥቁን በጨርቅና በማስቲሽ ሞሉት። የፍየል ቆዳ ውኃ አጠጥተው አለሰለሱና እርጥቡን ዳሽቦርዱ ላይ ዘርግተው፣ ጉብታውንም ጎድጓዳውንም በአውራ ጣታቸው እየተጫኑ ቅርጽ አስያዙት። አሸዋ የሞላ ከረጢት ተጭኖት ሁለት ቀን ደረቀ። ከዚያ ጠርዙን በወስፌ እየበሱ በጅማት ሰፉት። ጋቢናው የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ዕቃ ቤት ሸተተ። ሲያስረክቡን ከተሳፋሪው ፊት፣ ቆዳው ላይ፣ መስቀል ቀርጸውበታል። አባየ "መሪጌታ፣ ይህ ምንድን ነው?" ቢላቸው፣

"እጄ ለምዶ ነው፤ ምን ላድርገው" አሉ።

የሠርጉ ዕለት አጎትየው ነጭ መኪና አስከትለው መጡ። ሊነቅፉ እንደሆነ ከፊታቸው ያስታውቃል። የፒካፗን በር ከፍተው አንገታቸውን አስገቡ፤ መስቀሉን አዩ። ባርኔጣቸውን አወለቁና ዝቅ ብለው ተሳለሙት። የተሳለሙትን መልሰው ሊያንቋሽሹት ነው? ባርኔጣቸውን መልሰው ደፉና "እንግዲያ ሙሽራዋ ትግባ" አሉ። የሺ ገባች፤ አባየ መሪውን ያዘ። እኔ ከኋላ ጭነቱ ላይ ቆሜ አቧራ እየበላሁ እስከ ወገዳ ዘፈንሁ። ነጩ መኪና ባዶውን ይከተለን ነበር።

ዛሬ ለሙሽራ መኪና መከራየት ወግ ሆኗል። ዳሽቦርዱ ያብረቀርቃል፣ ሽቶ ይሸታል፤ የማን እንደሆነ ግን ሙሽራዋም አታውቅም። ባለፈው ጥር የየሺ ልጅ ስታገባ በእንዲህ ያለው ሄደች። አያትየውን፣ አባየን፣ ሦስተኛው መኪና ውስጥ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር አጣበቡት። ደሜ ፈላ። ልናገር አፌን ስከፍት በመስኮቱ በኩል እጄን ያዘኝ።

"ተይ ልጄ" አለኝ። "እኔ ልጄን አድርሻለሁ።"