ወቅሳሃለች

አማቼ ከቢቸና ሊጠይቁን ዳላስ የመጡት በሁለት ሺዎቹ መጨረሻ ላይ ነው። ዕድሜ ልካቸውን ጂኦግራፊ ያስተማሩ ሰው ስለሆኑ የመንገድ ታፔላ ሳያነቡ አያልፉም። በአንድ የዕረፍት ቀኔ ከምንኖርበት ከጋርላንድ ወደ ደቡብ ስንነዳ ድንገት ቀጥ ብለው ተቀመጡ።

«ወቅሳሃለች!»

«ማን አባባ?»

«ማንም አይደለችም። የከተማው ስም ነው፤ አማርኛ ነው።»

ታፔላው «ዋክሳሃቺ» ይላል። ስሙ የአገሩ ነባር ሕዝቦች እንደሆነ ነገርኳቸው።

«ትርጉሙስ?»

«እንጃ።»

«ዘወትር በአጠገቡ እያለፍክ?» አሉኝ እንደ ሰነፍ ተማሪ እያዩኝ። ምን ላድርግ፣ ኤግዚት አድርጌ ወደ ከተማው ገባሁ።

ከተማው መሀል አሮጌ ዕቃ የሚሸጡ ሽማግሌ ባልና ሚስት አገኘን። አማቼ ጠየቁ፣ እኔ አስተረጎምኩ።

ሴትየዋ «የጎሽ ወንዝ ማለት ነው» አለች።

ባልየው ከጓዳ «ውሸት! የወፈረ የዱር ድመት ነው» ብሎ ጮኸ።

«የስሙ ባለቤቶችስ የት አሉ?» አሉ አማቼ።

«ድሮ ወደ ኦክላሆማ ተገፍተው ሄደዋል» አለች ሴትየዋ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

አማቼ «እንግዲያው ሁላችንም ገማቾች ነን» ብለው የራሳቸውን አስከተሉ። እኔም ሳልወድ «ሚስት ባሏን ወቀሰችው ማለት ነው ይላሉ» ብዬ አስተረጎምኩ።

ሴትየዋ ጠረጴዛውን በጥፊ መታች። «አልነገርኩህም? ከተማው ራሱ ያውቅሃል!» አለችው። ባልየው አንድ የተሰበረ ወንበር ይዞ ወጣ፤ መቼ እጠግነዋለሁ እንዳለ ሲከራከሩ ቆመን ሰማን። ኋላ ሴትየዋ ወደ አማቼ ዞራ የትውልድ ከተማቸው ስም ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀች።

«ቢቸና? ብቻ ና ማለት ነው» አሉ በኩራት።

ስተረጉምላት ፊቷ ተለወጠ። «ለምን ብቻውን? ምን ሊያደርጉት?»

አማቼ መኪና ውስጥ እንደገባን ስልኬን ተቀብለው ቢቸና የሚኖሩት ታላቅ ወንድማቸው ጋ ደወሉ።

«ብቻ ና ያለህ ማነው?» የሚለው የወንድማቸው ድምፅ እኔ ድረስ ተሰማ። «ብቸኛ ከሚለው የመጣ ነው!»

ጋርላንድ እስክንደርስ ተጨቃጨቁ። በመጨረሻ ወንድምየው ስልኩን ጆሯቸው ላይ ዘጉባቸው። አማቼ ተቀይመው እራት ሳይበሉ ተኙ።